ጉልበቱ ለምን ይፈናጠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና የአምዱ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በኮምፒውተር ስለሚሠሩ ገፀ ባሕርያት እንቅስቃሴ ይጠይቃሉ። እጁ ተጣመመ፣ ጉልበቱ ተፈናጠረ፣ ዝላዩ ተንሳፈፈ ይላሉ። የብዙዎቹ ጥፋት የተሠራው ግን ከአኒሜሽኑ በፊት፣ አጥንት ሲተከልና ቆዳ ሲለጠፍ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹን የደረሱበትን ቀን ትቼ ሥራው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ደርድሬያቸዋለሁ። አብዛኞቻችሁ በብሌንደር ስለምትሠሩ የትእዛዞቹን ስም ከእሱ ወስጃለሁ፤ በሌላ ፕሮግራም የምትሠሩም ቅር አይበላችሁ፣ የምትጫኑት ቁልፍ ይለያል እንጂ ሥራው ያው ነው።

«ለጀማሪ የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? ብሌንደር በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ለመጫወቻ ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ።»
— መምረጥ የከበደው

እንዲህ የሚሉዎት ሰዎች ወሬያቸው አርጅቷል። ብሌንደር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የኦስካርን የምርጥ ረጅም አኒሜሽን ሽልማት የወሰደው ፊልም የተሠራውም በእሱ ነው። ማያ የሚባለው ሌላው ፕሮግራም በትልልቅ ስቱዲዮዎች ሥር የሰደደ ስለሆነ እዚያ ለመቀጠር የሚያስብ ሰው ቢማረው ይጠቅመዋል። በትርፍ ጊዜዎ ለሚሠሩት ለእርስዎ ግን ትልቁ ኪሳራ በየሦስት ወሩ ፕሮግራም መቀየር ነው። አንዱን ይያዙና ይጽኑበት።

«አፅሙን ሠርቼ ከአካሉ ጋር በ‹አውቶማቲክ ዌይትስ› ለማያያዝ ስሞክር ‹ለአንድ ወይም ከዚያ በላይ ለሆኑ አጥንቶች መፍትሔ አልተገኘም› የሚል መልእክት ይወጣል። አጥንቱ ሲንቀሳቀስ አካሉ ፍንክች አይልም።»
— አልጣበቅ ያለው

መልእክቱ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ ነገሩ ከባድ አይደለም። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን አጥንት የሙቀት ምንጭ አድርጎ ይወስድና ሙቀቱ ወደ ቆዳው ምን ያህል እንደሚደርስ ያሰላል። ብዙ ሙቀት የደረሰው የቆዳ ነጥብ ያንን አጥንት አጥብቆ ይከተላል፤ ይህ የመከተል መጠን ክብደት ይባላል። በነጥቡና በአጥንቱ መካከል ሌላ ገጽ ከገባ ግን ሙቀቱ ይታገዳል። እንግዲህ የሚፈለገው አጋጁ ነው፤ ከሸሚዝ ስር ሳይቆረጥ የቀረ ገላ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረቡ ነጥቦች፣ ወደ ውስጥ የዞሩ ገጾች፣ ወይም ከጣቱ ሥጋ ውጭ የወጣ የጣት አጥንት።

እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከመጠን ነው። ሜሹን፣ ማለትም አካሉ የተሠራበትን የነጥብና የገጽ መረብ፣ መርጬ ኮንትሮልና ኤ በመጫን መጠኑንና ዙረቱን አጸድቃለሁ፣ አፅሙንም እንዲሁ፤ በሁለቱም ላይ የመጠን ቁጥሮቹ ሁሉ 1 መሆን አለባቸው። ቀጥሎ ወደ ኤዲት ሞድ ገብቼ ነጥቦቹን በሙሉ በመምረጥ ‹መርጅ ባይ ዲስታንስ› የሚለውን አዝዛለሁ። ስንት ነጥብ እንደተወገደ ራሱ ይነግረኛል፤ ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ከጥፋተኞቹ አንዱ ተያዘ ማለት ነው። ከዚያ ዓይንን፣ ጥርስን፣ ቁልፍንና ቀበቶን ከገላው ለይቼ አወጣለሁ። ጠንካራ ነገር የሙቀት ስሌት አያስፈልገውም። ዓይን ለዓይን አጥንት፣ የላይኛው ጥርስ ለጭንቅላት፣ የታችኛው ለመንጋጋ በ1.0 ክብደት ይሰጣል፣ አለቀ። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም እንቢ ካለ ገፀ ባሕርይዎ ከልክ በላይ ትንሽ ሳይሆን አይቀርም። ሜሹንና አፅሙን አንድ ላይ 10 እጥፍ አሳድገው ያያይዟቸው፣ ከዚያ ወደ ነበሩበት መጠን ይመልሷቸው።

«መዳፉን ወደ ላይ ሲያዞር የእጁ አንጓ አካባቢ እንደሚጨመቅ ጨርቅ ይጠብባል። ክብደቱን በ‹ዌይት ፔይንት› ደጋግሜ ቀባሁት፣ ከመጥበብ ወደ መጉበጥ ከመሄድ በቀር ለውጥ የለውም።»
— ብሩሽ የሰለቸው

ብሩሹን ያስቀምጡት፤ ይህ በቀለም የሚመለስ ነገር አይደለም። ጥፋቱ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው። በሁለት አጥንቶች መካከል ያለ ነጥብ ሁለት ጌታ አለው። ፕሮግራሙ አንደኛው አጥንት ብቻውን ቢወስደው የሚደርስበትን ቦታ ያሰላል፣ ሁለተኛው ብቻውን ቢወስደው የሚደርስበትንም ያሰላል፣ ከዚያ ሁለቱን ቦታዎች በቀጥታ መስመር አገናኝቶ ነጥቡን በመስመሩ ላይ ያስቀምጠዋል። በክብ ጠርዝ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦችን በቀጥታ መስመር ቢያገናኙ ደግሞ የመስመሩ መካከል ሁልጊዜ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ይገባል። ክብደቱ እኩል ለእኩል በሆነበት ቦታ መዳፉ 90 ዲግሪ ሲዞር የክንዱ ውፍረት ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። 180 ዲግሪ ሲዞር ዜሮ ይሆናል። ክብደቱን በየትኛውም መንገድ ቢቀቡት የሚጠብበው ቦታ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም።

የራስዎን ክንድ ይመልከቱ። ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው መዳፍዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያገላብጡ። ክርኑ አጠገብ ያለው ቆዳ እምብዛም አይነቃነቅም፤ አንጓው አጠገብ ያለው ከመዳፉ ጋር አብሮ ይዞራል፤ በመካከል ያለው እንደየርቀቱ ይካፈላል። ከሁለቱ የክንድ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሻገር ነው። ሪግዎም፣ ማለትም አፅሙ ከነመቆጣጠሪያዎቹ፣ ዙረቱን በርዝመቱ ማከፋፈል አለበት።

አሠራሩ ይኸውና። ከዋናው የክንድ አጥንት ሌላ ቆዳውን ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ሦስት አጫጭር አጥንቶች ከክርን እስከ አንጓ ይደርድሩ። የሦስቱም ወላጅ ዋናው የክንድ አጥንት ይሁን፤ ሮል የሚባለው፣ አጥንቱ በራሱ ዘንግ ዙሪያ ምን ያህል እንደዞረ የሚናገረው ቁጥራቸውም ከእሱ ጋር አንድ ይሁን። ለክርን የሚቀርበው ባለበት ይቆያል። ለመካከለኛው ‹ኮፒ ሮቴሽን› ይስጡትና መዳፉን ያስከትሉት፤ በዋይ ዘንግ ብቻ፣ ሁለቱም ወገን በ‹ሎካል ስፔስ›፣ የተጽዕኖው መጠን 0.33። ለአንጓ የሚቀርበውን እንዲሁ አድርገው መጠኑን 0.66 ያድርጉት። 90 ዲግሪው አሁን በሦስት መገጣጠሚያ ለየ30 ዲግሪ ተከፋፈለ። በእያንዳንዱ ላይ ውፍረቱ ከ96 በመቶ በታች አይወርድም፣ ያንን ደግሞ ዓይን አያየውም። የዋናው ክንድ አጥንት ‹ዲፎርም› የሚለው ምልክት መጥፋቱን ብቻ አይርሱ፤ አለዚያ አራት አጥንቶች በአንድ ቆዳ ይሻማሉ።

አቋራጭም አለ። አካሉን ከአፅሙ ጋር በሚያንቀሳቅሰው በአርማቸር ሞዲፋየር ውስጥ ‹ፕሪዘርቭ ቮሊውም› የሚለውን ቢያበሩ ስሌቱ ራሱ ይቀየራል፣ መጥበቡም ይጠፋል። በምትኩ ክርንና ጉልበት ሲታጠፉ ወደ ውጭ ያብጣሉ። ሥራውን ወደ ጨዋታ ፕሮግራም ሲልኩትም ይህ ምርጫ ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሄድም። እኔ አጥንቱን ማከፋፈል እመርጣለሁ። ስለ ክርን ከተነሳ አይቀር፣ በክርንና በጉልበት ዙሪያ ቢያንስ ሦስት የጠርዝ ቀለበቶች ከሌሉ ሲታጠፍ የሚሰበር ቱቦ ነው የሚያገኙት፤ እሱን የትኛውም ክብደት አያድነውም።

«ዕድሜዬ 16 ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ለአንድ ገፀ ባሕርይ ሪግ እየሠራሁ ነው። ከ300 በላይ አጥንት አለው፣ የጆሮው ጫፍ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል። እስካሁን ግን አኒሜሽን አልሠራሁበትም። ምን ብጨምርለት ይሻላል?»
— ያላለቀለት

ምንም አትጨምርለት። ሪግ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ነፍስህ ያለችው እዚያ ከሆነ ግፋበት፣ የምትደሰትበትን ነገር አልነፍግህም። ግን ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው የምትፈልገው ገፀ ባሕርዩ ተነስቶ ሲሄድ ማየት ይመስለኛል። የጆሮውን ጫፍ ማንም አልጠየቀህም።

እንዲህ አድርግ። ፋይሉን በሌላ ስም አስቀምጠህ ዝጋው፤ አይጠፋብህም። በአዲሱ ፋይል ላይ 22 አጥንት ብቻ ትከል። ለዳሌ አንድ፣ ለጀርባ ሦስት፣ ለአንገት አንድ፣ ለጭንቅላት አንድ፤ ለእያንዳንዱ እጅ የትከሻ አጥንት፣ የላይኛው ክንድ፣ የታችኛው ክንድና መዳፍ፤ ለእያንዳንዱ እግር ጭን፣ ቅልጥም፣ እግርና የጣቶቹ ጫፍ። የግራውን ወገን ብቻ ሠርተህ ስሙን በ‹ነጥብ ኤል› ጨርስ፣ ከዚያ ‹ሲሜትራይዝ› ስትለው ቀኙን ‹ነጥብ አር› ብሎ ራሱ ይሠራልሃል። ጉልበቱን ቀጥ አድርገህ አትትከለው፤ ወደ ፊት ትንሽ ጎበጥ ካላለ አይኬ፣ ማለትም እግሩ ያለበትን ቦታ አይቶ ጉልበቱን ራሱ የሚያጥፈው ስሌት፣ ወዴት ማጠፍ እንዳለበት አያውቅም። ስም መስጠትን ለነገ የሚያቆይ ሰው ‹ቦን ነጥብ 047› የትኛው ጣት እንደነበር ሲፈልግ ያመሻል።

በዚህ ሪግ አምስት ሰከንድ የማትሞላ ነገር ሥራ። ጭንቅላቱን ያዙር፣ አንድ እርምጃ ይራመድ፣ ይቀመጥ። እየሠራህ «ይህ መቆጣጠሪያ በኖረኝ» ያልክበትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፍ። ስትጨርስ የምትጨምረው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ትንሹን ሪግ ካልወደድከው ደግሞ ብሌንደር ውስጥ ‹ሪጊፋይ› የሚባል ተጨማሪ መሣሪያ አለ፤ የሰው አፅም ይሰጥህና መጠኑን ከአካሉ ጋር ካስማማኸው መቆጣጠሪያዎቹን በሙሉ ያመነጫል። ሌላ ሰው በሠራው ሪግ መሥራት የሚያሳፍር የሚመስለው ሰው አለ። በስቱዲዮ ውስጥ አኒሜተር የራሱን ሪግ የሚሠራው ከስንት አንዴ ነው።

«ክንዱን ከጎን ወደ ፊት ሳመጣው በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች (አቋሙን በመዘገብኩባቸው ምስሎች) መካከል ሙሉ ዙር ይሽከረከራል። ሁለቱም አቋሞች ትክክል ናቸው፤ ያበደው መካከሉ ነው።»
— ግራ የገባት

የግራፍ መስኮቱን ክፈቺና የዙረት መስመሮቹን ተመልከቺ። ከሁለት ነገሮች አንዱን ታያለሽ። የመጀመሪያው የቁጥር ዝላይ ነው። አንዱ ቁልፍ ፍሬም ላይ 179 ዲግሪ፣ ቀጣዩ ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች 179 ተጽፏል። ለዓይን የሁለቱ ልዩነት 2 ዲግሪ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን 358 ዲግሪ ነውና ያንን ሁሉ ዞሮ ይሄዳል። መስመሮቹን መርጠሽ የኦይለር ማጣሪያውን ማዘዝ ይበቃል።

ሁለተኛው ጠንከር ይላል። ኦይለር የሚባለው አሠራር ሦስት ዙረቶችን በተራ ይፈጽማል፤ የመካከለኛው ዘንግ 90 ዲግሪ ሲደርስ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዘንግ ይገጣጠሙና ከሦስቱ አንዱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ክንዱ ሌላ መንገድ ሲያጣ ይሽከረከራል። መፍትሔው ከሥራው በፊት የዙረቱን ቅደም ተከተል መምረጥ ነው፤ በመካከል የሚቀመጠው ያ መገጣጠሚያ ብዙ የማይዞርበት ዘንግ ይሁን። በየአቅጣጫው ለሚዞር ትከሻ ኳተርኒዮን የሚባለው ሌላው የዙረት አሠራር ይሻላል፤ እንዲህ ዓይነት መቆለፍ አያውቀውም፤ መስመሮቹን አይቶ መረዳት ግን ያስቸግራል። ለጭንቅላት፣ ለእግርና ለጣቶች ኦይለርን እመርጣለሁ። ምርጫው ግን የመጀመሪያው ቁልፍ ፍሬም ከመቀመጡ በፊት ይደረግ። ሥራው ከተጋመሰ በኋላ የሚቀይር ሰው የሠራውን ሁሉ ያበላሻል።

«ኮምፒውተሬ አርጅቷል። ሳጫውተው እየተንቀረፈፈ ስለሚሄድ ፍጥነቱን መገመት አልቻልኩም። አዲስ መግዛት ይኖርብኛል?»
— ትዕግሥቱ ያለቀበት

ገና ነው፤ መጀመሪያ ማለስለሻውን ያጥፉ። ‹ሰብዲቪዥን› በአንድ ደረጃ የገጾችን ቁጥር አራት እጥፍ ያደርጋል። 5,000 ገጽ ያለው አካል በአንድ ደረጃ 20,000፣ በሁለት ደረጃ 80,000 ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ደግሞ በየፍሬሙ እንደገና ይሰላል። ‹ሲምፕሊፋይ› በሚለው ክፍል የመሥሪያ መስኮቱን ደረጃ ዜሮ ቢያደርጉት የመጨረሻው ምስል አይነካም። ከዚያ የሞዲፋየሮቹን ቅደም ተከተል ይዩ። አርማቸሩ ከሰብዲቪዥኑ በላይ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ አጥንቶቹ የሚያንቀሳቅሱት 5,000ውን እንጂ 80,000ውን አይደለም፣ መታጠፊያዎቹም ይበልጥ ይለሰልሳሉ።

የማጫወቻውን ቅንብር ደግሞ ‹ፍሬም ድሮፒንግ› ያድርጉት። ኮምፒውተሩ ያልደረሰበትን ፍሬም እየዘለለ በትክክለኛው ፍጥነት ያሳያል። ‹እያንዳንዱን ፍሬም አጫውት› በሚለው ላይ ሆኖ ፍጥነት የሚገምት ሰው በዝግታ ያየውን ስለሚያፋጥን ውጤቱ ጥድፊያ ነው። እርግጠኛ ለመሆን በየጊዜው የመስኮቱን ምስል ወደ ቪዲዮ አውጥተው ይመልከቱት። የመጨረሻውን ሥራ ሲያወጡ ግን በቪዲዮ አያውጡ፤ በፒኤንጂ ምስሎች ያውጡት። መብራት በ180ኛው ፍሬም ላይ ቢጠፋ ከ180ኛው ይቀጥላሉ።

«ገፀ ባሕርዬ ሲራመድ ጉልበቱ በየእርምጃው ይፈናጠራል፣ እግሩም መሬት ላይ ይንሸራተታል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዴት ላስተካክል?»
— መንገድ ላይ የቀረው

ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያስተካክሏቸውም፤ ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

ጉልበት የሚፈናጠረው እግሩ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ ሲቃረብ ነው። ጭንና ቅልጥም እኩል ናቸው እንበል። ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ርቀት የእግሩን ሙሉ ርዝመት 99 በመቶ ሲደርስ ጉልበቱ ገና 16 ዲግሪ ያህል እንደታጠፈ ነው። የቀረችው 1 በመቶ እነዚህን 16 ዲግሪዎች በሙሉ ትወስዳለች። እግሩ 80 ሴንቲሜትር ከሆነ 8 ሚሊሜትር ማለት ነው። ዳሌው በአንድ ፍሬም ውስጥ 8 ሚሊሜትር ሲነሳ ጉልበቱ በዚያችው ፍሬም ቀጥ ብሎ ይቆለፋል፤ በቀጣዩ ዳሌው ዝቅ ሲል ተመልሶ ይታጠፋል። ጉልበቱን እየነካኩ የሚያስተካክሉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ይነካካሉ። የሚነካው ዳሌው ነው። ዳሌውን በጠቅላላው አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ያድርጉትና እንደገና ያጫውቱ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ካላበቃ የኋላውን ተረከዝ ቀድመው ያንሱ፤ ሰው እግሩ ሳይደርስለት ሲቀር በጣቱ ይገፋል እንጂ ጉልበቱን አይቆልፍም። እርምጃውን ማሳጠር የመጨረሻው ምርጫ ነው።

የአረማመዱ ማዕቀፍ ትክክል መሆኑንም ያረጋግጡ። በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ ለአንድ እርምጃ 12 ፍሬም ጥሩ መነሻ ነው። በ1ኛው ፍሬም የፊተኛው ተረከዝ መሬት ይነካል። በ4ኛው ክብደቱ በዚያ እግር ላይ ያርፍና ዳሌው ከሁሉ ዝቅ ይላል። በ7ኛው ሌላው እግር በአጠገቡ ያልፋል። በ10ኛው ዳሌው ከሁሉ ከፍ ይላል። በ13ኛው የ1ኛው ግልባጭ ይመጣል፣ በ25ኛው ደግሞ ራሱ 1ኛው። ሲያጫውቱ ከ1 እስከ 24 ብቻ ያጫውቱ፤ 25ኛውን ከጨመሩ አንድ አቋም ሁለት ጊዜ ይታይና በየዙሩ ትንሽ ይደናቀፋል። ብዙ ሰዎች ከ4ኛው ይልቅ በ1ኛው ላይ ዳሌውን ከሁሉ ዝቅ ያደርጉታል። እንዲህ የተሠራ አረማመድ ክብደት አይኖረውም፣ ምክንያቱም ሸክሙ እግሩ ላይ ከማረፉ በፊት አካሉ ወርዶ ጨርሷል።

መንሸራተቱን በተመለከተ ጥፋቱ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በግራፉ ላይ ነው። ገፀ ባሕርይዎ ባለበት ቦታ እየረገጠ ከሆነ መሬት የረገጠው እግር ወደ ኋላ የሚሄደው በአንድ ዓይነት ፍጥነት መሆን አለበት፣ ስለዚህ መስመሩ ቀጥ ያለ ይሁን። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ መነሻና መድረሻውን ካለሰለሰው እግሩ መሬቱን ቀስ ብሎ ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ይለቃል። ከዚያ አካሉን ወደ ፊት የሚያስኬደውን ዋና መቆጣጠሪያ በስሌት ያስኪዱት። እርምጃው 70 ሴንቲሜትር ከሆነ በ24 ፍሬም 140 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ይህም መስመር ቀጥ ያለ ይሁን። ቁጥሩን በዓይን መገመት አያዋጣም።

«ገፀ ባሕርዬ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይዘላል። ከመሬት ተነስቶ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ሰጥቼዋለሁ። ክብደት የለውም፤ ይንሳፈፋል። ቁልፍ ፍሬሞቹን ደረቅ አድርጌ ስሠራ ጥሩ ነበር፣ ሳለሰልሰው ነው የጠፋው።»
— የዘላዩ አባት

አንድ ሰከንድ አየር ላይ የቆየ አካል ግማሹን ሰከንድ ሲወጣ ግማሹን ሲወርድ ያሳልፋል። በግማሽ ሰከንድ የሚወድቅ ነገር ደግሞ 1.2 ሜትር ይወርዳል። እርስዎ 30 ሴንቲሜትር ለሚዘል ሰው የ1.2 ሜትር ዝላይ ጊዜ ሰጥተውታል፤ ትርፉን ጊዜ አየር ላይ ተንሳፍፎ ከማሳለፍ በቀር ምን ያድርግበት? 30 ሴንቲሜትር የሚፈልገው 12 ፍሬም ገደማ ነው፤ 6 ለመውጣት፣ 6 ለመውረድ።

ከጫፍ ሲወርድ ዳሌው በመጀመሪያው ፍሬም 0.9 ሴንቲሜትር፣ በሁለተኛው 2.6፣ ከዚያ 4.3፣ 6፣ 7.7፣ በመጨረሻው 9.4 ሴንቲሜትር ይጓዛል። ሲወጣ ያው በተገላቢጦሽ ነው። ለዚህ በየፍሬሙ ቁልፍ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ የመነሻው፣ የጫፉና የማረፊያው ሦስቱ ይበቃሉ። በጫፉ ላይ መስመሩ ክብ ይሁን፣ በመነሻውና በማረፊያው ላይ ግን ሹል ይሁን። እርስዎ ያለሰለሱት ክፍል ይኸው ሹሉ ነው። መስመሩ ማረፊያው ላይ ከለሰለሰ አካሉ መሬት ሳይነካ በፊት ራሱ ፍሬን ይዟል ማለት ነው።

ካረፈ በኋላ እግሩ ቢቆምም ዳሌው ለሦስት ወይም ለአራት ፍሬም መውረዱን ይቀጥላል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይነሳል። ጭንቅላቱና እጆቹ ከዳሌው አንድ ሁለት ፍሬም ዘግይተው ዝቅታቸው ላይ ይድረሱ፤ ሁሉም በአንድ ፍሬም ላይ ከቆሙ ወለሉ ላይ የተጣለ እንጨት ነው። ይህን መዘግየት ግን ከመጀመሪያው አይሥሩት። አቋሞቹን በደረቁ፣ ማለትም በ‹ኮንስታንት› ሠርተው ጊዜያቸው እስኪስማማዎት ይቆዩ። ከማለስለስዎ በፊት በየሦስት ወይም በየአራት ፍሬሙ መካከለኛ አቋም ይጨምሩ። በደረቁ ጥሩ የነበረው የሚጠፋው በሁለት ሩቅ አቋሞች መካከል ያለውን ነገር ለፕሮግራሙ ስለምንተውለት ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚያውቀው አጭሩንና ለስላሳውን መንገድ ብቻ ነው።

«የገፀ ባሕርዬ አካል በደንብ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኖቹ ግን ሞተዋል።»
— ፊት ለፊት የተቀመጠች

ዓይን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚዞረው በዝግታ አይደለም፤ ይዘላል። የመስመሩን ማለስለሻ አጥፊና ጉዞውን በ2 ፍሬም ጨርሺው። ጭንቅላቱ 2 ወይም 3 ፍሬም ዘግይቶ ይከተል። ጭንቅላቱ ብዙ የሚዞር ከሆነ በጉዞው መካከል ዓይኑን ይጨፍን። ለጭፈናው 2 ፍሬም ለመዝጋት፣ 1 ለመቆየት፣ 3 ለመክፈት በቂ ነው፤ መዝጋቱ ሁልጊዜ ከመክፈቱ ይፍጠን። ወደ ታች ሲያይ የላይኛው ሽፋን አብሮ ይውረድ፣ ወደ ላይ ሲያይ አብሮ ይነሳ። ይህን በየጊዜው በእጅ ከምትሠሪው ሽፋኑን ከዓይኑ አጥንት ጋር በ0.5 ተጽዕኖ ብታያይዢው ራሱ ይሠራዋል። ገፀ ባሕርይሽ ቀጥ ብሎ ሲያይ ደግሞ ጥቁሩ የዓይን ክፍል ዙሪያውን በነጭ መከበብ የለበትም፤ የላይኛው ሽፋን ጫፉን ትንሽ ይሸፍነው። እንዲደነግጥ የፈለግሽበት ቦታ ላይ ስትደርሺ ያን ጊዜ ታነሺዋለሽ።